የምድጃ ጭስ ጂን ይቀይራል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ ዳር ላይ ይኖራል። እናቱ ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራ ጋግራ ስትሸጥ ኖራለች፤ በሰጋቱራና በእንጨት፣ በአንዲት የቆርቆሮ ማድ ቤት ውስጥ። ሚስቱ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት፣ አማቷንም ታግዛለች። አሜሪካ ያለች እህቱ «የአየር ብክለት ጂን ይቀይራል» የሚል ቪዲዮ ልካለት እንቅልፍ አጥቷል። «ጂናችን ተበላሽቶ ለልጄ ሊተላለፍ ነው ማለት ነው? እህቴ የምራቅ የጂን ምርመራና ቫይታሚን ልላክላችሁ ትላለች። እናቴ ደግሞ ወተት እየጠጣሁ ምንም አልሆንም ባይ ናት። ያለን ገንዘብ ትንሽ ነው፣ ምን ላይ ባውለው ይሻላል? የቡና ዕጣንስ እንተው?» ይላል።

ከመጨረሻው ልጀምር። ምርመራውም ቫይታሚኑም ይቅር፣ ገንዘቡ ምድጃው ላይ ይዋል። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ግን ረዘም አድርጌ ላስረዳህ፣ ምክንያቱም ነገሩ ካልገባህ ነገ ሌላ ቪዲዮ ይመጣና ደግሞ እንቅልፍ ታጣለህ።

«ጂን ይቀየራል» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይጨፈልቃል። አንደኛው የጂኑ ፊደል ራሱ መለወጡ ነው። ሁለተኛው ፊደሉ እንዳለ ሆኖ የሚነበበው ክፍል መለወጡ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ግጻዌን ያውቃል። መጽሐፉ ከዓመት ዓመት ያው ነው፤ ዛሬ የትኛው ምዕራፍ ይነበብ የሚለውን የሚነግርህ ግጻዌው ነው። ሰውነታችንም እንዲሁ ነው። የዓይንህና የጉበትህ ሕዋሳት የያዙት ዘረመል አንድ ነው፤ ወደ 20,000 የሚጠጉት ጂኖች ሁለቱም ጋ አሉ። ዓይንን ዓይን፣ ጉበትን ጉበት ያደረገው እዚያ የሚነበበው ገጽ ነው። ጭስ በብዛት የሚነካው ንባቡን ነው። መጽሐፉን ጨርሶ አይነካም ማለቴ አይደለም፣ እሱንም እነግርሃለሁ። ግን ሁለቱን ካልለየን ምንም መግባባት አንችልም።

አሁን ብናኙን እንየው። ፒኤም 2.5 የሚሉት ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኝ ነው። የራስ ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮሜትር ይሆናል፤ ስለዚህ ሃያ ምናምን ብናኝ ጎን ለጎን ተሰልፎ ነው የአንዲት ፀጉር ወርድ የሚሞላው። የመንገድ አቧራ ትልልቁ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ ታስነጥሰዋለህ ወይ ከአክታ ጋር ትተፋዋለህ። ደቃቁን ግን የሚይዘው የለም። ኦክስጅን ወደ ደም የሚሻገርባቸው ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ብናኝ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ነው። የጭስ ብናኝ መሐሉ ጥላሸት ነው። ላዩ ላይ እንጨቱ በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚፈጠሩ ቅባት መሰል ኬሚካሎች ይለጠፋሉ፤ ከፋብሪካና ከመኪና የሚወጣው ላይ ደግሞ ብረት፣ መዳብ፣ ዚንክ ይገኛል። ሚዛን ላይ እኩል የሚመዝኑ ሁለት ዓይነት ብናኞች ሕዋስ ላይ እኩል ላይጎዱ ይችላሉ።

አንድ ጊዜ እንጀራ የሚጋገርበት ማድ ቤት ውስጥ አየር የምትስብ ትንሽ ፓምፕ ሰቅለን ነበር። ማጣሪያዋ ከብር ሳንቲም ሰፋ የምትል ነጭ ክብ ናት። ጠዋት ስንሰቅላት እንደ ጥጥ ነጭ ነበረች። ማታ ስናወርዳት የጣሪያውን ጥቀርሻ መስላለች። የቤቱ እመቤት በእጃቸው ማሰሻውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው አዩዋትና «ውይ፣ እኔ ደግሞ ጣሪያው ላይ ብቻ የሚቀር መስሎኝ» አሉ። ከዚያ በኋላ ለማንም ሰው ስለ ማይክሮግራም ከማውራቴ በፊት ያችን ማጣሪያ ማሳየት ልማድ አድርጌያለሁ።

በማይክሮስኮፕ ሲታይ ደግሞ ይብሳል። የአየር ከረጢቶቹን የሚጠርጉ ማክሮፋጅ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ፤ ያገኙትን ቆሻሻ ይውጣሉ። ጭስ በሌለበት የሚኖር ሰው ማክሮፋጅ ጥርት ብሎ ይታያል። ጭስ ቤት የኖረ ሰው ማክሮፋጅ ግን ሆዱ ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ተሸክሟል፣ ቀለም የተረጨበት ይመስላል። ጥላሸት እንደ ባክቴሪያ አይፈጭም። ሕዋሱ የዋጠውን ይዞ ይቆያል፣ እየተቆጣም ይቆያል።

ይህ ቁጣ ነው ወደ ጂን የሚወስደን። ብናኙ ከሳንባ ሕዋስ ጋር ሲገናኝ ቢያንስ ሦስት ደወሎች ይደወላሉ። የመጀመሪያው የዝገት ደወል በለው። ብረቱና ኬሚካሉ ሕዋሱ ውስጥ አገር ምድሩን የሚያቃጥሉ የኦክስጅን ሞለኪውሎች ያስነሳሉ። ኤንአርኤፍ2 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ በሰላሙ ጊዜ ኪፕ1 የሚባል ዘበኛ ይዞት ይቀመጣል፣ ቶሎ ቶሎም እንዲወገድ ያደርገዋል። ቃጠሎው ሲመጣ ዘበኛው ይለቀዋል። ኤንአርኤፍ2 ወደ ኒውክለሱ፣ ዘረመሉ ወዳለበት የሕዋሱ እምብርት፣ ይሮጥና የመከላከያ ጂኖችን ያበራል። ይህ ጤናማ ነገር ነው። ቪዲዮ ላይ «ጂኖች ተለወጡ» ከሚባሉት ብዙዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ሰውነትህ ራሱን ሲከላከል የታየበት ለውጥ ነው እንጂ መበላሸት አይደለም።

ሁለተኛው ደወል ግን ጉደኛ ነው። ጭሱ ላይ የተለጠፉት ቅባት መሰል ኬሚካሎች፣ ለምሳሌ ቤንዞፓይሪን፣ ሕዋሱ ውስጥ አንድ ተቀባይ ፕሮቲን ላይ ይቀመጣሉ። ተቀባዩ ወደ ኒውክለስ ገብቶ ሲዋይፒ1ኤ1 የሚባለውን ጂን ያበራል። ይህ ጂን የሚሠራው ኢንዛይም ኬሚካሉን ሰብሮ ከሰውነት እንዲወጣ ማድረግ ነው ሥራው። ችግሩ ሲሰብረው በመሐል የሚፈጠረው ስባሪ ከዋናው የባሰ መርዝ መሆኑ ነው፤ ዘረመል ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ጠራጊው ራሱ ቆሻሻ አመጣ ማለት ነው። ፊደሉ ሊበላሽ የሚችልበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው፣ ሕዋሱ ቶሎ ካልጠገነው።

ሦስተኛው የቁጣ ደወል ነው። ኤንኤፍ ካፓ ቢ በሚባል ፕሮቲን በኩል እንደ ኢንተርሉኪን 6 እና 8 ያሉ መልእክተኞች ጂኖቻቸው ይበራሉ፣ ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ተጠርተው ይመጣሉ። ለአንድ ቀን ሲሆን ጥሩ ነው። ለሃያ ዓመት በየቀኑ ሲሆን ግን ሳንባውን ራሱን ይበላዋል። መልእክተኞቹ ወደ ደም ስለሚፈስሱ ነው ጭስ ከሳንባ አልፎ ልብንና የደም ሥርን የሚጎዳው። ሰው «እኔ አላስልም፣ ስለዚህ ደህና ነኝ» ሲለኝ የምፈራውም ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ የላብራቶሪ ወሬ እንዳይመስልህ አንድ ታሪክ ልንገርህ፣ እኔ በጣም የምወደው። አሜሪካ ዩታ ውስጥ በተራራ የተከበበ ሸለቆ አለ። እዚያ አንድ ትልቅ የብረት ፋብሪካ ነበር። በ1986 ነሐሴ በሠራተኞችና በአሠሪ ጠብ ተዘጋ፣ በ1987 መስከረም ተከፈተ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። አርደን ፖፕ የሚባል የኢኮኖሚ ባለሙያ፣ ሐኪም እንኳ አይደለም፣ የሆስፒታል መዝገብ አገላብጦ ተመለከተ። ፋብሪካው በሚሠራባቸው የብርድ ወራት በመተንፈሻ ችግር ሆስፒታል የተኙት ልጆች፣ በተዘጋበት የብርድ ወራት ከተኙት ሁለትና ሦስት እጥፍ ነበሩ። ተጠራጣሪ ሰው «ያ ዓመት ጉንፋን ቀለል ብሎ ይሆናል» ሊል ይችላል። ግን ጨዋታው አላለቀም። በሦስቱም ዓመታት ከአየር ብናኝ የያዙት ማጣሪያዎች አልተጣሉም ነበር። ዓመታት አልፈው ተመራማሪዎች ማጣሪያዎቹን አጥበው የወጣውን ንጥር በሰው የመተንፈሻ ቱቦ ሕዋሳት ላይ ጨመሩት፣ በኋላም ፈቃደኛ በሆኑ ጤነኛ ሰዎች ሳንባ ውስጥ በጥቂቱ አኖሩት። መጠኑ እኩል ነው። ፋብሪካው ከመዘጋቱ በፊትና ዳግም ከተከፈተ በኋላ የተሰበሰበው ሕዋሱን አስቆጣ፤ በተዘጋበት ዓመት የተሰበሰበው ግን ቁጣው በጣም ያነሰ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ብረታ ብረቱ ነው።

ይኸውልህ፣ መጀመሪያ ልጆቹ ታዩ፣ ከዚያ ሕዋሱ መሰከረ። ለአንተ የሚጠቅመው ግን ሌላው ግማሽ ነው፦ ምንጩ ሲቆም ልጆቹ ሆስፒታል መግባት ቀነሱ። ፋብሪካው ያኔ የተዘጋው ለአንድ ዓመት ገደማ ብቻ ነው፣ ማንም ሰው ጂኑን አላስመረመረም፣ ቫይታሚንም የዋጠ የለም።

ንባቡ ሲለወጥ እስከ መቼ ይቆያል ወደሚለው እንምጣ። ጂን ለጊዜው ከመብራትና ከመጥፋት አልፎ ምልክት ሊደረግበት ይችላል። ሜቲል የምትባል ትንሽ ኬሚካል ዘረመሉ ላይ ትለጠፋለች፣ አንድን ገጽ በሰም እንደማጣበቅ ነው፤ ገጹ አለ፣ ግን አይገለጥም። በ2014 ካናዳ ቫንኩቨር ውስጥ አስም ያለባቸው 16 ሰዎች ለ2 ሰዓት የናፍጣ ጭስ የተቀላቀለበት አየር እንዲተነፍሱ ተደርጎ፣ ሌላ ቀን ደግሞ ንጹሕ አየር ተሰጥቷቸው፣ ደማቸው ተመረመረ። ሁለት ሰዓት ብቻ ተንፍሰው፣ በ30 ሰዓት ውስጥ የሜቲል ምልክቶቹ በብዙ ቦታ ተነካክተው ተገኙ። ያስደነግጣል። ግን ቶሎ የተለጠፈ ነገር ቶሎ ሊነሳም ይችላል። ከሲጋራ በደንብ የምናውቀው አንድ ምልክት አለ፤ አጫሾች ላይ ይቀንሳል፣ ሰውየው ካቆመ በኋላ ግን በዓመታት ውስጥ ወደ ቦታው እየተመለሰ ይሄዳል። ከባድ አጫሾች ላይ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ «አንዴ ተበላሽቷል፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው» የሚለው ትክክል አይደለም፤ «ነገ አቆማለሁ፣ ሁሉም ይጠራል» የሚለውም ትክክል አይደለም።

አሁን ስለ ፊደሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2013 የውጭ አየር ብክለትን፣ ብናኙንም ለብቻው፣ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ብሎ መድቦታል። ሰው ሁሉ ይህን ሲሰማ «ብናኙ ጂን ይሰብራል፣ ከዚያ ካንሰር ይመጣል» ብሎ ያስባል። እኔም ለብዙ ጊዜ በዋናነት እንደዚያ አስብ ነበር። በ2023 ለንደን ካለው የፍራንሲስ ክሪክ ተቋም የወጣው ጥናት ግን ነገሩን ገለበጠው። ተመራማሪዎቹ ካንሰር የሌለበትን የሳንባ ሥጋ ከ295 ሰዎች ወስደው ሲያዩት፣ ኢጂኤፍአር የሚባለው ጂን ላይ ያለ የካንሰር ሚውቴሽን፣ ማለትም የፊደል ስህተት፣ ከናሙናዎቹ 18 በመቶው ላይ ተገኘ። ዕድሜ ሲገፋ ዝም ብሎ የሚመጣ ስህተት ነው፤ ተኝቶ ይኖራል። ብናኙ ሲመጣ ማክሮፋጆቹ ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የሚባል የቁጣ መልእክተኛ ይለቃሉ፣ እሱ ደግሞ ያን የተኛ ሕዋስ ይቀሰቅሰዋል። አይጦች ላይ መልእክተኛውን ሲያግዱት ካንሰሩ ተገታ። እዚህም ላይ ዋናው ጉዳይ ቁጣው እንደሆነ ልብ በል። ይህ ደግሞ ተስፋ ይሰጣል፣ ፊደል ከማረም ቁጣ ማብረድ ይቀላልና።

ወደ ልጅህ ልምጣ፣ አንተን ያስጨነቀህ እሱ ስለሆነ። የእናትህ ሳንባ ሕዋስ ላይ የተፈጠረ ስህተት ወደ አንተ ሊመጣ አይችልም፣ ከአንተም ወደ ልጅህ። ለልጅ የሚተላለፈው በእንቁላልና በዘር ፍሬ ያለው ብቻ ነው። የሜቲል ምልክቶቹም ቢሆኑ ፅንሱ ሲጀመር አብዛኞቹ ይጠረጋሉ፣ እንደ አዲስ ይጻፋሉ። ካናዳ ሃሚልተን ውስጥ የብረት ፋብሪካዎች አጠገብ የተቀመጡ ወንድ አይጦች ወደ ግልገሎቻቸው የሚተላለፍ የዘረመል ለውጥ እንደበዛባቸው፣ አየሩ በማጣሪያ ሲጸዳ ደግሞ እንደቀነሰ የሚያሳይ ጥናት አለ። እውነት ነው፣ ልደብቅህ አልፈልግም። ግን አይጥ ነው፣ የተለየ የዘረመል ክፍል ነው፣ ከዚያ ተነስቶ «ልጅህ የተበላሸ ጂን ወረሰ» ማለት ዘለላ ነው።

ልታስብበት የሚገባው ውርስ ሳይሆን አሁን የሚሆነው ነው። ልጁ አሁን፣ ዛሬ ጠዋት፣ በሚስትህ በኩል ጭሱን እየተቀበለ ነው። በ2019 ቤልጅየም ያሉ ተመራማሪዎች የጥላሸት ቅንጣቶችን እንግዴ ልጁ ላይ፣ ያውም በፅንሱ በኩል ባለው ፊት አግኝተዋል። የእናትየዋ ደም ሥር ሲቆጣና ኦክስጅን ሲያንስ ደግሞ ብናኙ ሳይደርስ እንኳ እንግዴ ልጁ ሥራው ይጓደላል። ቤጂንግ በ2008 ለኦሎምፒክ ብላ ፋብሪካና መኪና ስትገድብ አየሩ ለጥቂት ሳምንታት ጠርቶ ነበር። ስምንተኛ ወራቸው በዚያ ጊዜ የዋለላቸው እናቶች የወለዷቸው ልጆች፣ በ2007 እና በ2009 በዚያው ወቅት ከተወለዱት በአማካይ በ23 ግራም በልጠው ይመዝኑ ነበር። 23 ግራም ትንሽ ናት፤ ግን የተገኘችው በጥቂት ሳምንታት ንጹሕ አየር ነው። ሚስትህ ለመውለድ ገና አምስት ወር ይቀራታል።

የቤት መፍትሔዎቹን ባጭሩ ላጽዳቸው። ወተት ጨጓራ ነው የሚገባው፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ነው። መንገዳቸው ጉሮሮ ላይ ይለያያል፣ ከዚያ በኋላ አይገናኙም። ቀለም ቀቢውም በያጁም ወተት ይጠጣል፣ ለምግብነቱ እሰዬው፣ ሳንባ ግን አያጥብም። የእናትህን ወተት አትከልክል፣ እምነታቸውን ግን በቀስታ አስለውጥ፣ ምክንያቱም ጉዳቱ ወተቱ ሳይሆን «ተጠብቄያለሁ» ብለው እሳቱ ላይ መቆየታቸው ነው። በባህር ዛፍ መታጠንም እንዲሁ፤ አፍንጫ ይከፍት ይሆናል፣ ጥላሸት አያወጣም። የቫይታሚኑ ወሬ ምንጭ አለው፦ በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ፎሊክ አሲድ፣ ቢ6 እና ቢ12 የብናኙን የሜቲል ለውጥ እንደቀነሱ አሳይቷል። የተሳተፉት 10 ሰዎች ነበሩ። አሥር! ሚስትህ ጤና ጣቢያ የሚሰጣትን ብረትና ፎሊክ አሲድ አታቋርጥ፣ እሱ ለራሱ ምክንያት ያስፈልጋታል። ከዚያ ውጭ በፖስታ የሚመጣ ጠርሙስ አያስፈልጋችሁም።

የምራቅ ምርመራው ደግሞ ለጥያቄህ ጭራሽ መልስ የለውም። የሚያነበው የተወለድክበትን ፊደል ነው። ሳንባህ ውስጥ ዛሬ የትኛው ገጽ እንደተነበበ ሊያይ አይችልም። እንጀራው ለስንት ቀን እንደሚሆን ለማወቅ የጤፉን ዘር እንደመመርመር ነው።

ማስክስ ካልከኝ፣ የጨርቁና ሰማያዊው የሐኪም ማስክ ደቃቅ ብናኝ በደንብ አያቆሙም፣ በጎንና በጎን ይገባል። ኤን95 የሚባለው ፊት ላይ በደንብ ከተገጠመ ያቆማል። ነገር ግን ምጣድ ፊት ለሦስት ሰዓት አድርጎት የሚቆም ሰው አላየሁም። ለአንድ ቀን ይሁን፣ ለኑሮ አይሆንም።

አሁን ምድጃው። እዚህ ላይ ሐቁን ልንገርህ፣ ምክንያቱም «የተሻሻለ ምድጃ ግዛ፣ ሁሉም ይስተካከላል» የሚሉህ ብዙ ናቸው። ጓቴማላ ውስጥ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ በዕጣ ለቤተሰቦች ተሰጥቶ በ2011 ውጤቱ ወጣ፤ የልጆች የሳንባ ምች በጠቅላላው በግልጽ አልቀነሰም፣ ከባዱ ዓይነት ግን ቀነሰ። ማላዊ ውስጥ ከ10,000 በላይ ልጆች ባሉባቸው ቤቶች ንጹሕ የሚነድ የእንጨት ምድጃ ተሰጠ፤ በ2016 የወጣው ውጤት ለሳንባ ምች ምንም ልዩነት አላሳየም። በጓቴማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ 3,200 ነፍሰ ጡሮች ተሳትፈው ለግማሾቹ ጋዝ ተሰጣቸው። የሚተነፍሱት ብናኝ በሜትር ኩብ ከ70 ማይክሮግራም ገደማ ወደ 24 ወረደ። የልጆቹ የልደት ክብደት ግን በግልጽ አልተለየም።

ታዲያ ለምን ምድጃ ቀይር እላለሁ? አንደኛ፣ እንጨት በሚነድበት ማድ ቤት ውስጥ በመጋገሪያ ሰዓት ብናኙ በሜትር ኩብ በመቶዎች፣ ሲከፋም ከሺህ ማይክሮግራም በላይ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ የዓመት አማካዩ ከ5፣ የአንድ ቀኑ ከ15 እንዳይበልጥ ይላል። ከሺህ ወደ አምስት መቶ መውረድ ብዙ ይመስላል፣ ለሕዋሱ ግን ደወሎቹ ያው እየጮሁ ነው። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ወደ ታች በጣም ሲወረድ ነው። ግማሽ የሚቀንስ ምድጃ ግማሽ ጤና አይሰጥም። ሁለተኛ፣ አዲሱ ምድጃ እየሠራ አሮጌው ጉልቻ ጎን ለጎን ይነዳል፣ ጎረቤትም ያነዳል። ሦስተኛ፣ የልደት ክብደት አንድ መለኪያ ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ጭስ በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገምታል፤ ከእነዚህ ብዙው በልብ፣ በስትሮክና በሳንባ በሽታ የሞተ አዋቂ ነው። የእናትህ ዕድሜ ያለ ሰው ማለት ነው።

ስለዚህ ምክሬ የማያወላዳ ነው፦ የእንጀራውን እሳት ከቤቱ አውጡት፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ ቀይሩት። ሌላው ምግብ እሳት ላይ ቢቆይ እንኳ፣ ብዙ ሰዓትና ብዙ ማገዶ የሚበላው እንጀራው ነው። ምጣዱን ከመግዛትህ በፊት ግን ኤሌክትሪሻን ጥራ። 3.5 ኪሎ ዋት የሆነ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን የተዘረጋ ስስ ገመድ ይግላል፣ ይነዳልም። ለብቻው ከቆጣሪው የሚመጣ ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ከምጣዱ ዋጋ ላይ ይህን መቆጠብ ሞኝነት ነው። ገንዘቡ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነ ገመዱን አስቀድም፣ ምጣዱን በዕቁብ ድረስበት።

መብራት ይጠፋል ትለኛለህ። አውቃለሁ፣ እኔም እዚሁ ነው የምኖረው። ለጠፋበት ቀን የእንጨቱን ምድጃ አታፍርሱት፤ ግን ከቆርቆሮው ማድ ቤት አውጡትና ሁለት ግድግዳ ብቻ ባለው ዳስ ሥር አድርጉት። ጭስ ማውጫ ያለው፣ «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከጉልቻ ይሻላል፣ ማገዶም ይቆጥባል፣ ጭሱን ግን አያጠፋም፣ ይህን አውቃችሁ ግዙት። ሰጋቱራው እርጥብ እንዳይሆን። ጭሱ የሚብሰው ሲለኮስና እርጥብ ሲነድ ነው፤ ሚስትህ በዚያ ሰዓት አጠገቡ አትድረስ። እስክትወልድ ሊጡን ታቡካ፣ እንጀራውን ትቁጠር፣ ለደንበኛ ታስረክብ። እሳቱን ሌላ ሰው ይያዝ። አንተም እጅ አለህ።

ስለ እናትህ ሁለት ነገር ልጨምር። ሃያ ዓመት የተጠራቀመ ነገር በአንድ ወር አይጠፋም፣ ያለቀ የሳንባ ክፍልም አይመለስም፤ ነገር ግን ቁጣው ሲበርድ የሚቀጥለው ጉዳት ይዘገያል። ዳገት ላይ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ከሆነ ወይም ደረታቸው የሚያፏጭ ከሆነ ስፓይሮሜትሪ ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዳቸው፣ የሚነፋ ቱቦ ነው፣ አያምም። ሳላቸው ሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ «ጭስ ነው» ብለህ አትለፈው፤ መጀመሪያ የቲቢ ምርመራ ይደረግላቸው። እኔ የማጠናው ሕዋስ ነው፣ ሰው የሚያክመው ሌላ ነው።

የውጭው አየርስ? መንገድ ዳር የናፍጣ ጭስ አለ፣ እሱን አንተ ብቻህን አታስተካክለውም። የአሜሪካ ኤምባሲ ይለካው የነበረውን የአየር ቁጥር በስልካችሁ ትከታተሉ የነበራችሁ፣ ያ በ2025 መጋቢት ወር ቆሟል። የቤቱ ጭስ ግን ከመንገዱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ከቅርቡ ጀምር።

ዕጣኑን በተመለከተ፣ ቡናውን አትተዉ። ዕጣንም ብናኝ ነው፣ ከዚህ አይወጣም፣ ግን ለሃያ ደቂቃ በር ተከፍቶ የሚጨስ ዕጣን ለሦስት ሰዓት ከሚነድ ሰጋቱራ ጋር አይወዳደርም። አደገኛው ሥሩ ያለው ከሰል ነው። ከሰል ጭስ የለውም ብሎ በብርድ ሌሊት በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስገብቶ የተኛ ስንት ቤተሰብ ጠዋት አልነቃም፤ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ ፅንሱ ደግሞ ከእናቱ የባሰ ሊጎዳ ይችላል። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ፍም ሲሆን ይግባ፣ ጀበናው ሲወርድ ይውጣ። ሚስትህ አቦሉንም ቶናውንም ትጠጣ፣ ግን ከረከቦቱ ራቅ ብላ፣ በሩ አጠገብ ትቀመጥ።